የይርጋ ሽንቁር ዳስ

ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው አገር ልጁን የሚድር ሰው ሰንጋ ከማየቱ በፊት ይርጋን ይይዝ ነበር። የኪራይ ድንኳን ቆቦ ከገባ ወዲህም የቅጠል ዳስ የሚወዱ አልጠፉም፤ የቅጠል ዳስ ማለት ደግሞ ይርጋ ነው። ባላውን ይተክላል፣ ማገሩን በልጥ ይጠፍራል፣ የክትክታውን ቅጠል በሦስት ድርብ ያለብሳል። ከዚያ በኋላ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ሙሽሮቹ ጋ ለመድረስ ከበሩ ሌላ መግቢያ አያገኝም።

እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው በሁለት ሺህ አምስት መስከረም ላይ፣ ቅጠል ተርፎት እያለ፣ ሆን ብሎ ሽንቁር ዳስ ሠራ። ምን ነክቶት ነው ቢሉ፣ ቀንቶ ነው። ሌላው ሰው ሲቀና ይሳደባል፣ ድንጋይ ያነሣል፣ ይወጣለታል። ይርጋ ግን ዝምተኛ ነው። የዝምተኛ ሰው ቅናት መውጫ ስለሌለው እዚያው ውስጥ ይከርማል።

ያስቀናችው ሔራን ናት፤ የአያ ደምሴ ሁለተኛ ልጅ። ይርጋ ያወቃት ከዚያ በፊት በነበረው ጥር፣ በታላቅ እኅቷ ሠርግ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደሴ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበርና ለሠርጉ ብላ መጥታለች። እንግዳው ምሳ ላይ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሠርገኛው ሁሉ ሳህኑን በነጠላው ከልሎ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ሔራን እጇን ዘርግታ ጠብታ ጠበቀች። አንድም አልወረደባትም። ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ያቺን የተዘረጋች መዳፍ ያይ ነበር።

«አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችው በኋላ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ደረብክበት? ቆርቆሮ?»

«ቅጠል ነው። ሦስት ድርብ።»

«እኔ ሳገባም እንዲሁ ሦስት ድርብ ነው የምትሠራልኝ» አለችና ሳቀች።

ይርጋ አልሳቀም። «አንቺ ስታገቢማ ሙሽራው እኔ ነኝ» ብሎ መለሰላት፤ በልቡ ነው እንጂ በአፉ ያለው «እሺ» ብቻ ነበር።

በክረምቱ ተመርቃ መጣች። ሥራ እስክታገኝ ድረስ ጎሊና ወንዝ ዳር ያለውን የአባቷን የፓፓያና የማንጎ አትክልት ታያለች። የይርጋ የማሽላ ማሳ ከአትክልቱ ጋር ይዋሰናል፤ በመካከል ያለው የመስኖ ቦይ ብቻ ነው። ውሃ ተራ ሲደርስ ቦዩን ወዲህና ወዲያ ቆመው ያወራሉ። እሷ ስለ ደሴ ብርድ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። እሷ ትስቃለች፣ እሱ ውሃው ወደ ማን እንደሚፈስ ይረሳል። ማሽላው ይግባና ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ቆርጧል። ለእሷ ግን አልነገራትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝምታውስ አልነቀዘም፤ ይርጋ ግን ዝም ብሎ ሲጠብቅ ሌላ ሰው መጣ።

የመጡት ስድስት ናቸው፤ ከየአገሩ የተሰባሰቡ አይሁድ ሠዓሊዎች። ለሁለት ወር በአንድ ስፍራ ተቀምጠው ተፈጥሮን እያዩ ሊሠሩ የአያ ደምሴን አትክልትና ሁለት ቤት ተከራይተዋል። ደንባቸው ለቆቦ ሰው ግራ ነበር። ቀለም በቆርቆሮ አያመጡም፣ ሸራ አይወጥሩም። የሚሠሩት በዚያው ባገኙት አፈር፣ ቅጠልና አገዳ ነው። ሲሄዱም የሠሩትን ይዘው አይሄዱም፤ ከአፈሩ የመጣው ለአፈሩ ይቀራል። ደረሰኝ የሌለው ሥራ ነው ብሎ ሰፈርተኛው ሳቀባቸው፤ ኋላ ግን ወደዳቸው። አለቃቸው ሩት የምትባል ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ከገበሬው ሁሉ እኩል ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች።

ይርጋን የቆረጠመው ግን ቢኒያም ነው። ቢኒያም ጎንደር ተወልዶ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እስራኤል የገባ፣ ረጅም፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው። አማርኛው የእናቱ ነውና እንደ አሮጊት ያወራል፤ ለአያ ደምሴም ለሕፃኑም «አንተ» ይላል፣ ማንም አይቀየመውም። የቀሩት ፈረንጆች ቢሆኑ ይርጋ ባልተጨነቀ። ይኼኛው ግን ሔራንን ቢጠይቅ የማይከለከል ነው።

ሔራን ታስተረጉምላቸው ነበር። ጠዋት ከሩት ጋር ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት ከቢኒያም ጋር አትክልቱ ውስጥ ትውላለች። ይርጋም በማሳው መካከል ከተተከለው ማማ ላይ ወንጭፉን ይዞ ይውላል፤ ማሽላው ወተት የቋጠረበት፣ ግሪሳ ወፍ የሚበረታበት ጊዜ ነው። በዚያ መስከረም ግሪሳው ከሌላው ሰው ማሳ እየተሰደደ ይርጋ ጋ ሲጠግብ ከረመ።

«አንተ!» ይለዋል ጎረቤቱና ባልንጀራው አራጌ ከወዲያኛው ማማ። «ወፉ ማሽላውን ጨረሰልህ እኮ! የምትጠብቀው ምኑን ነው?»

ይርጋ የሚጠብቀውን አራጌም ያውቃል፣ አገሩም ያውቃል። የማታውቀው ራሷ ሔራን ብቻ ናት ብሎ ነበር ይርጋ የሚያስበው።

አንድ ቀን ከሰዓት ስለ ውሃ ተራ ልጠይቅ ብሎ ወደ አትክልቱ ገባ። የውሃ ተራው ገና ነበር። ቢኒያም የአሮጌውን ጭቃ ቤት ግድግዳ ይዞ ቆሟል፤ ከዞብል ተራራ ሥር የመጣ ቀይ አፈር፣ ከወንዙ ነጭ ጭቃ፣ ከምድጃ ጥላሸት በየቅሉ በጥብጦ አጠገቡ ደርድሯል። ግድግዳው ላይ ሔራን አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ፣ ከንፈሯን ልትስቅ ስትል እንደምታደርገው ሰብስባ።

«እንዴት ነው? መስላለች?» አለው ቢኒያም።

«መስላለች» አለ ይርጋ፤ ውሸት አይችልም።

«ዓይኗ ነው ያስቸገረኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀሁበት።»

ይርጋ ዓይኑን አየ። ዓይኗ ነው፤ እርጥበቱ ሳይቀር። ሰው የሰውን ዓይን እንዲህ አድርጎ እስኪሥል ስንት ጊዜ ማየት አለበት? እሱ ክረምቱን ሙሉ ከቦይ ማዶ ሆኖ ቀና ብሎ ለማየት ያፈረውን ዓይን ይኼ ሰው ሁለት ሳምንት ተቀምጦ አየው! አንገቱ ሥር እሳት ተነሣበት። ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

በማግስቱ ሔራን ቢኒያምን አስከትላ ማሳው ድረስ መጣች። ከይርጋ ቤት ጓሮ ከአባቱ የቀረች አንዲት የትርንጎ ዛፍ አለች፤ በአካባቢው ሌላ የለም።

«ይርጋ፣ ትርንጎህ ደርሷል?» አለችው ወደ ማማው አንጋጣ።

«ለምንሽ?»

«ቢኒያም አንድ ይፈልጋል። ነቁጥ የሌለበት፣ ጫፉ ያልተሰበረ።»

ወርዶ ወሰዳቸው። ቢኒያም ፍሬውን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረ መረመረ። ይኼ ጠባሳ አለው፣ ያኛው ጠምዘዝ ብሏል፣ ይኼ ጥሩ ነበር ግን ነቁጥ ነክቶታል እያለ የይርጋን ዛፍ ሲያማ ቆየ።

«ልትበላው ነው ወይስ ልታገባው?» አለ ይርጋ።

ቢኒያም በሰፊው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። በመጨረሻ አንዱን ከነአንጓው ቆርጦ አሸተተና ከኪሱ ባወጣው ጥጥ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው። ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ይርጋ ፊቱን አዞረ። ትርንጎ በጥጥ የሚጠቀለለው ለማን ነው? ለምትወደድ ሰው ካልሆነ ለማን ነው!

ቢኒያም ቀድሞ ሄደ። ሔራን ከዛፉ ሥር ቀረች።

«የምትለኝ ነገር አለ?» አለችው።

«ምን እላለሁ?»

«እኔ እንጃ። ሰሞኑን አኩርፈሃል።»

«አላኮረፍኩም።»

ጠበቀችው። እሱ የትርንጎዋን እሾህ ያይ ነበር። በቅጠሉ መካከል የምታልፈው ፀሐይ ፊቷ ላይ ትወዛወዛለች፤ ቀና ቢል ሁሉን በተናገረ። ቀና አላለም።

«እሺ» አለችና ሄደች።

ነገሩን የጨረሰችው ኡሙሃኒ ናት። ኡሙሃኒ ቆቦ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ፣ ለሠዓሊዎቹም አስቤዛ የምታደርስ የሰፈሩ ሴት ናት፤ ባጃጇ ላይ ከሽንኩርቱ የሚበልጥ ወሬ ትጭናለች።

«ይርጋው! ሥራ መጣልህ!» አለችው ባጃጁን አስቁማ። «አያ ደምሴ ዳስ ሊጥሉ ነው።»

«የምን ዳስ?»

«አልሰማህም? ሰባት ቀን ሊበላ ሊጠጣ ነው። ወላሂ፣ ሰባት ቀን! እኔው ራሴ ነኝ ቲማቲሙን የታዘዝኩ።»

«በመስከረም? ለምኑ?»

«ዳስ ለምን ይጣላል፣ የኔ ጌታ? ያ ሐበሻው ልጅ አገሩ ሊመለስ ነው። ባዶ እጁን ይሂድ? ማሻአላህ፣ ቁመቱም እንደሁ ደግ ነው።»

እንግዲህ ተመልከቱ። በግ አልታሰረ፣ ጠላ አልተጠነሰሰ፣ ሽማግሌ አልተላከ፣ ዘመድ አልተጠራ። ይኼ ሁሉ ሳይሆን ሠርግ እንደሌለ የቆቦ ሕፃን ያውቃል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል አገር ነው። ይርጋ ግን የሚፈራውን ነገር የነገረውን ሰው ሁሉ ለማመን ተዘጋጅቶ ከርሟል።

በማግስቱም አያ ደምሴ ጠሩት።

«ይርጋ ልጄ፣ ዳስ ልጥል ነው። ካንተ ሌላ ሰው አላስነካም።»

«መቼ ነው?»

«የሚገቡበት እሑድ ሊመሽ ሲል ነው። ቅዳሜ እነሱ አይሠሩም፣ እሑድ እኛ አንሠራም፤ ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት።»

«እንግዲህ… ደስ ብሎዎታል፣ አያ ደምሴ?»

«እንዴት ደስ አይለኝ! እንዲህ ያለ ነገር በደጄ ሲሆን!» አሉ ሽማግሌው። «ደንቡን ሔራን ትነግርሃለች፤ የእነሱ ዳስ የራሱ ሥርዓት አለው አሉ።»

ሔራን ልትነግረው መጣች። መጥረቢያውን እየሳለ አገኘችው።

«ስለ ዳሱ ልነግርህ ነበር። ጣሪያው…»

«ዳስ መሥራት ከማን ልማር ነው?»

«ስማኝ እንጂ፤ የእነሱ…»

«የእነሱ፣ የእነሱ! ከእነሱ ሌላ ወሬ የለሽም? ጣሪያ አውቃለሁ። ሂጂ፣ እንግዶችሽ ይጠብቁሻል።»

ሔራን ደነገጠች። ዓይኗ ውሃ አቀረረ፤ እንዲያም ሆኖ አላለቀሰችለትም።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምትናገረኝ?» አለች። ነጠላዋን ሰበሰበች። «እንግዲያው እንደ ወደድክ ሥራው።»

ዐርብ ዕለት ከአራጌ ጋር ማልደው ጀመሩ። ባላው ቆመ፣ ማገሩ ተጠፈረ። ከሰዓት ይርጋ ለቅጠሉ ብቻውን ጣሪያው ላይ ወጣ፤ አራጌ ከሥር እያቀበለው የመጀመሪያውን ድርብ አለበሰ። እጁ እንደ ልማዱ ይሠራል፣ ልቡ ግን ከታች ነው። ከታች ቢኒያም በርጩማ ላይ ቆሞ የማሽላ ራስና ቀይ ቃሪያ በየማገሩ ያንጠለጥላል፤ ሔራን ታቀብለዋለች። አንዱ ራስ አምልጦት አናቷ ላይ ወደቀ። ሔራን ሳቀች። ያቺን ሳቅ ይርጋ ያውቃታል፤ ከቦይ ማዶ የእሱ ነበረች።

እጁ ቆመ። ለሁለተኛው ድርብ የተቀበለውን እቅፍ ወደ መሬት መልሶ ወረወረው። አልበቃውም። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ከተቀመጠበት ቦታ በላይ የነበረውን ቅጠል እፍኝ እፍኝ እያደረገ ነቀለ። በል እንግዲህ፣ ዝናቡም ይምጣ፣ ፀሐዩም ይምጣ፣ የሠርጋችሁ ቀን ይበስብስ! «ባልበላው ጭሬ ላፍሰው አለች ዶሮ» ማለት ይኼኔ ነው።

«በቃ?» አለ አራጌ፣ ይርጋ ሲወርድ። «አንድ ድርብ ብቻ? እሱም የተቦጫጨቀ?»

«ቅጠል አለቀ።»

አራጌ ከዳሱ ጎን የተከመረውን ክትክታ አየ። ይርጋን አየ። ባልንጀራ ነውና ክምሩን ጠፍሮ ለይርጋ አሸከመው፣ የቀረውን ራሱ ተሸከመ። ከአትክልቱ ሲወጡ ሔራን ከዳሱ ሥር ቆማ ነበር። ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ቀጥላ የተሸከሙትን ቅጠል አየች፤ ከዚያ ይርጋን ትኩር ብላ አየችው። ይርጋ አንገቱን ሰበረ።

ቅዳሜ እንደ ምንም አለፈ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማማው ላይ ወጥቶ እንደ ተቀመጠ፣ ሊመሽ ሲል ከዞብል ተራራ አናት ላይ ጥቁር ደመና ተነሣ። መጀመሪያ ደስ አለው። እሰይ! አለ ጮክ ብሎ። ቀጥሎ የሚሆነውን አሰበ። ዝናቡ በሽንቁሩ ሲገባ፣ ሠርገኛው ሲንጫጫ፣ የይርጋ እጅ ነው ሲባል ታየው። ስሙ ይቅር፤ ስም ይጥፋ። ግን በሽንቁሩ ሥር የምትቀመጠው ማን ናት? ነጭ ልብሷ ሲርስ፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ሲለጠፍ ታየው። ያቺ የተዘረጋች መዳፍም ታየችው። «እኔ ሳገባም ሦስት ድርብ» ብላው ነበር። እሱም እሺ ብሏታል። ማንንም ብታገባ እሺ ያለው እሺ ነው።

እያለቀሰ ከማማው ወረደ ቢባል አያምንም፤ ግን እያለቀሰ ነው የወረደው። ወደ ቤቱ ሄዶ የጠወለገውን ክትክታ ትከሻው ላይ ጣለ፣ መሰላሉንም ያዘ። በእሑድ ቅጠል ተሸክሞ ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ አማተበበት።

ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። ምን ዓይነት ሠርግ ነው ብሎ ገረመው፤ ቢሆንም ዳሱ ውስጥ ፋኖስ ይበራል። ሠዓሊዎቹ ነጭ ለብሰው በገበታ ዙሪያ ቆመዋል፤ አያ ደምሴም ጋቢያቸውን ደርበው አብረው አሉ። ሁሉም ወደ ጣሪያው አንጋጠዋል። አየህ፣ ጉዱን እያዩ ነው አለ በልቡ። ማንንም ሳያይ መሰላሉን አስደግፎ በጥድፊያ ወጣና የመጀመሪያውን እቅፍ ሽንቁሩ ላይ ሊጥል አነሣ።

«ተው! ተው! አትንካው!» ብሎ ቢኒያም ጮኸ። ሌሎቹም በየቋንቋቸው ጮኹ። ሔራን ሮጣ መሰላሉን ያዘች።

«ውረድ፣ ይርጋ።»

«ልድፈነው፤ ዝናብ ሊመጣ ነው። ሙሽሮቹ ሊበሰብሱ ነው።»

«የትኞቹ ሙሽሮች?»

ይርጋ ወደ ታች አየ። ሔራን የዘወትር ቀሚሷን ለብሳለች። በሁለቱ ወንበሮች ላይ የተቀመጠ ሰው የለም፤ አንዱ ላይ የሩት ባርኔጣ አለ። ገበታው ላይ ትርንጎው ከነጥጡ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ለጋ የዘንባባ ዝንጣፊ።

አያ ደምሴ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሙሽራ? የምን ሙሽራ አመጣህ! በዓል ነው እንጂ። አባቶቻቸው ከግብጽ ወጥተው በምድረ በዳ ዳስ ውስጥ መኖራቸውን ለማሰብ ሰባት ቀን በዳስ ይበላሉ፤ ትርንጎና ዘንባባ ይዘውም ይጸልያሉ። ኦሪት ላይ ያለው ነው እኮ፣ ልጄ!»

«እናቴ በጎንደር ጊዜ በዓለ መጸለት ትለዋለች» አለ ቢኒያም። «ቅጠል እንጎዘጉዝ ነበር ትላለች። እዚህ አገር ሳለች ግን ዳስ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ያንተን ዳስ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ፤ በዓሉ ሲወጣ።»

ሩት መጣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለይርጋ ረጅም ነገር ነገረችው።

«ጣሪያው ከቅጠል ሆኖ ሌሊት ኮከብ የሚያሳይ መሆን አለበት» ብላ ሔራን ተረጎመች። «እኔ የይርጋ ጣሪያ ምንም አያሳልፍም ስላት ጨንቋት ነበር። ዐርብ ቀና ብላ ስታይ ግን እንዲህ ያማረ ጣሪያ አላየሁም አለች። እንዴት አወቀ? ትላለች።»

ይርጋ መሰላሉ ላይ እንዳለ ደረቀ። ደመናው ወደ አፋር በረሃ ተሻግሮ ነበር። ሙሉ ጨረቃ ከዞብል ጀርባ ወጥታ፣ በቅናት የነቀለው ቅጠል በተወው ቀዳዳ ሁሉ እየገባች የማሽላውን ራስና የሰዎቹን ፊት ታበራለች። ውሸት የማይችል ሰው ነውና ቅጠሉን እንዳቀፈ ወረደ። ሔራን ለሩት አንድ ቃል ተናገረች፤ አሮጊቷም እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ምን አልሻት?» አለ ይርጋ ከዳሱ ወጥተው በጨረቃው ሲቆሙ።

«ሲቀና ነው የሚያምርበት አልኳት።»

ይርጋ መሬት ቢከፈትለት በገባ።

«የአንተ ዳስ ሽንቁር ኖሮት አያውቅም» አለች። ድምፅዋ አሁን የሳቅ አልነበረም። «ቅጠሉም ተርፎህ ነበር፤ ስትሸከመው አይቻለሁ። ሠርግ መስሎህ ነው አይደል? እኔ የምቀመጥበትን ነው የነቀልከው?»

«አዎ።»

«ልታበሰብሰኝ?»

«አዎ። ግን መልሼ ልደፍነው መጣሁ።»

«ክረምቱን ሙሉ ዝም ትለኛለህ፤ የሰው ወሬ ሰምተህ ትድረኛለህ፤ ልንገርህ ብዬ ብመጣ ታባርረኛለህ። እኔን መጠየቅ ምን ይከብዳል?»

ቢኒያም ይርጋን ሊገላግለው ይሁን ሊጨምርበት፣ ከዳሱ ብቅ አለና ወደ ጭቃ ቤቱ ግድግዳ ጠቆመ።

«ዓይኗ ያስቸገረኝ ለምን እንደ ሆነ አላየህም? ወደ እኔ ዙሪ እላታለሁ፣ ትዞራለች። ብሩሼን ሳነሣ ዓይኗ ተመልሶ እዚያው ነው። ሁለት ሳምንት! በመጨረሻ ሰለቸኝና እንዳለ ሣልኩት» አለና ወደ ገበታው ተመለሰ።

ይርጋ ሥዕሉን አየ። ያን ቀን ዓይኑን አይቷል፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ግን አላየም። ከሣላት ሰው አልፎ፣ ከአትክልቱ አልፎ፣ ከቦዩ ማዶ ነው የሚያየው። ይርጋ ዞሮ ተከተለው። በጨረቃው ብርሃን ማሽላው መካከል በዚያ በኩል አንዲት ማማ ብቻ ቆማለች፤ የራሱ።

ዘወር ሲል ሔራን እጇን አጣጥፋ ትጠብቀዋለች።

«አሁንስ የምትለኝ ነገር አለ?»

«አለ» አለ ይርጋ። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ነው ያየት። «እወድሻለሁ። ከእኅትሽ ሠርግ ጀምሮ እወድሻለሁ። ካንቺ ጋር የሚስቅ ሰው ሁሉ ያንገበግበኛል። ሽማግሌ ልልክ ማሽላው እስኪገባ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ማሽላው እንኳ አይተማመኑበትም፤ ግሪሳ በልቶታል» አለች ሔራን፤ ከንፈሯን ልትስቅ ስትል እንደምታደርገው ሰብስባ። «ቢሆንም ላክ።»

ሠዓሊዎቹ ሲሄዱ የሠሩትን ሁሉ ለአፈሩ ትተው ሄዱ። ቢኒያም ትርንጎውን ለይርጋ መለሰለት፤ ነቁጥ ፈልጌ አጣሁበት ብሎ አቀፈው። የግድግዳውን ሥዕል የጥቅምት ዝናብ ቀስ በቀስ አጠበው። ሔራን አላዘነችም፤ ያ ዓይን ያይ የነበረው ማማ ላይ ወጥታ ከይርጋ ጎን ተቀምጣ ወፍ ትጠብቅ ነበር። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ተላከ። አያ ደምሴ እንደ ሥርዓቱ እስኪለመኑ ተግደረደሩ፣ ከዚያ እሺ አሉ።

ጥር ላይ በዚያው አትክልት ዳስ ተጣለ። ሙሽራ ዳስ ይሠራል እንዴ? ተብሎ ተለመነ፣ ተሳቀበት፤ ይርጋ ማንንም ጣሪያው ላይ አላስወጣም። ክትክታውን በሦስት ድርብ አለበሰ፤ እንዲህ የጠበቀ ጣሪያ ሠርቶ አያውቅም። ከሙሽራዋ ወንበር በላይ ብቻ ሳህን የምታህል ቀዳዳ ተወ። ያየው ሁሉ ተረሳች መሰለው። ኡሙሃኒ ብቻ ጮክ ብላ፣ «ይርጋው፣ ሰው በገዛ ሠርጉ ይሰንፋል? ወላሂ ዘንድሮ ጉድ ነው!» አለች።

ምሳ ላይ ከዞብል በኩል ዳመን አለና ያልታሰበ ካፊያ ወረደ። ሠርገኛው እንደ ልማዱ ወደ ላይ አየ፤ አንድም ሰው ላይ አልነጠበም። ሔራን ከተከናነበችው ነጭ ልብስ ውስጥ እጇን አውጥታ ዘረጋች። አንዲት ጠብታ መዳፏ ላይ አረፈች።

«ቅጠል አለቀብህ?» አለችው ሳትዞር።

«አለቀብኝ» አለ ይርጋ፤ ከዳሱ ጀርባ የተከመረውን ክትክታ ሠርገኛው ሁሉ እያየው።

ሔራን ጠብታዋን እንደ ጨበጠች እጁን ያዘችው።